ጠብታው ከየት መጣ?

አምና ክረምት፣ የጥሊሊ ጉም ከግቢያችን ባሕር ዛፎች ላይ ሳይገፈፍ ከቤት ስወጣ፣ መጀመሪያ የማየው ሰማዩን አልነበረም፤ አንድ የተዘረጋ ካርቶን ነበር። ካርቶኑን ማታ ማታ ከታላቅ ወንድሜ አሮጌ ፒክአፕ ሞተር ሥር አነጥፈዋለሁ። ሌሊቱን ምን ያህል ዘይት እንደ ተንጠባጠበ ጠዋት ይነግረኛል። አንዳንድ ቀን እንደ ሳንቲም የከበበች አንዲት ነጥብ፤ አንዳንድ ቀን እንደ መዳፍ የሰፋ ጥቁር ካርታ።

ውድ አንባብያን፣ ግጥምና ወግ በሚነበብበት ገጽ ላይ የሞተር ዘይት ይዤ መምጣቴ ለአንዳንዶቻችሁ እንግዳ ሊሆን ይችላል። «ቀን ብር የሚቆጥር፣ ማታ ስንኝ የሚቋጥር ሰው ከሞተር ጋር ምን አገናኘው?» የሚል አይጠፋም። ጥቂት ብትታገሡኝ የተገናኘንበትን ላሳያችሁ። አሳቤን ግን ከወዲሁ ልናገር፦ የሚያፈስ ሞተር ያለው ሰው፣ የተማረም ይሁን ያልተማረ፣ ዘይት እየጨመረ ከመኖር እጅጌውን ሰብስቦ የፍሰቱን ምንጭ መፈለግ ይገባዋል። ይህንንም መካኒክ ዘንድ ከመሄዱ በፊት በገዛ ግቢው ሊጀምረው ይችላል።

እንጀራዬ ገንዘብ መቁጠር ነው። ማታ ሒሳብ ሲዘጋ የተቆጠረው ብርና በመዝገብ የሰፈረው ሳይገጥሙ የቀሩ እንደ ሆነ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ጉድለቱን ከኪስ ሞልቶ ወደ ቤት መሄድ ነው። ብሩ ጥቂት ከሆነ ማንም አያውቅም፤ ራትም አይቀዘቅዝም። ሁለተኛው የቀኑን ደረሰኞች አንድ በአንድ መልሶ ማገላበጥ ነው። ይኼኛው አድካሚ ነው፤ ዓይን ያማል፤ ዘበኛው በሩ ላይ ቆሞ ያዛጋል። ነገር ግን የመጀመሪያውን መንገድ የመረጠ ሰው ጉድለቱን አላጠፋውም፤ ሸፈነው እንጂ። ስሕተቱን የወለደው ልማድ ነገም እዚያው ቁጭ ብሎ ይጠብቀዋል። ሞተሩ ባፈሰሰ ቁጥር ዘይት የሚጨምር ሰውም ከኪሱ የሚሞላ ገንዘብ ቆጣሪ ነው።

ፒክአፑ ባለ 2.5 ሊትር ናፍጣ፣ ባለ ቱርቦ ቶዮታ ሃይሉክስ ነው። ጋሼ ድንች ጭነውበት ወደ ቡሬና ወደ እንጅባራ ገበያ ይመላለሱበታል። እኔን አሳድገው ያስተማሩኝ፣ ዛሬም የራሳቸውን ልጆች የሚያስተምሩት በዚሁ መኪና ነው። ስለዚህ ከሥሩ የሚንጠባጠበው ዘይት ለቤታችን ተራ ነገር አልነበረም።

ቱርቦ የሚባለውን መሣሪያ ያሰበው አልፍሬድ ቡኺ የተባለ ስዊዘርላንዳዊ መሐንዲስ ነው። የፈጠራ መብቱን ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1905 ነበር። አሳቡ ሲነግሩት ቀላል ነው፤ ከሞተር በጭስ ማውጫ የሚወጣው ትኩስ ጋዝ ገና ጉልበት አለው። ያ ጉልበት በከንቱ ከሚባክን አንዲት ትንሽ መዘውር ያሽከርክር፤ በዚያው ዘንግ ላይ የተተከለችው ሌላይቱ መዘውር ደግሞ ከውጭ ንጹሕ አየር እየሳበችና እየጠቀጠቀች ወደ ሞተሩ ትላክ። እ.ኤ.አ. በ1918 ሳንፎርድ ሞስ የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ የአውሮፕላን ሞተር ከነቱርቦው ጭኖ፣ ከፍታው 4,300 ሜትር ገደማ ወደሚደርሰው ፓይክስ ፒክ ተራራ ወጣ። በከፍታ የሳሳው አየር የሰለበውን ጉልበት ቱርቦው ለሞተሩ ሲመልስለት የታየው በዚያ ተራራ ላይ ነው።

ይህን ባነበብሁ ጊዜ የእኛ ደጋ ትዝ አለኝ። 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ያለ ሞተር በባሕር ዳርቻ ከሚያገኘው አየር ሦስት አራተኛውን ያህል ብቻ ነው የሚያገኘው። ድንች የጫነ አሮጌ ናፍጣ ዳገቱን ሲወጣ የሚያቃትተው ስለ ጭነቱ ብቻ አይደለም፤ ትንፋሽ ስለሚያጥረውም ነው። ቱርቦ ለደጋ ሰው ሁለተኛ ሳንባ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ታዲያ ይህ ሳንባ በምን ይኖራል? በዘይት። ዘንጉ በደቂቃ ከ100,000 ጊዜ በላይ ሊዞር ይችላል። እንዲህ እየዞረ ብረት ብረትን ቢነካ በቅጽበት ያልቃል፤ ስለዚህ ዘንጉ ብረት ሳይነካ በሥሥ የዘይት ንጣፍ ላይ ተንሳፎ ይዞራል። ዘይቱ የሚገባው በቀጭን ቱቦ፣ በግፊት ነው። ሥራውን ጨርሶ የሚመለሰው ግን በሰፊ ቱቦ፣ በራሱ ክብደት ብቻ፣ ቁልቁል ነው። በመግቢያው ገፊ አለው፤ በመውጫው ገፊ የለውም። በዘንጉ ጫፎች ያሉት ቀለበቶችም እንደ ጎማ ድፍን አድርገው የሚዘጉ አይደሉም፤ በጋዙ ግፊት እየተረዱ ዘይቱን ወደ ውስጥ የሚመልሱ ናቸው። እንግዲህ የመመለሻው ቱቦ ከተደፈነ ወይም ከጠበበ ዘይቱ መሄጃ ያጣል። መሄጃ ያጣ ነገር ደግሞ በማይገባው በር ይወጣል፤ ግማሹ ወደ አየሩ ቱቦ፣ ግማሹ ወደ ጭስ ማውጫው።

በመስከረም መጨረሻ ያ ሁሉ ጠብታ ጭስ ሆነ። ጋሼ ዳገት ሲወጡ ከኋላ ሰማያዊ ጭስ ይትጎለጎል ጀመር። አንድ መካኒክ ድምፁን አዳመጠ፤ ጭሱን አየ፤ «ቱርቦው አልቋል፤ ይቀየር» አለ። የነገረን ዋጋ የስምንት ወር ደመወዜን የሚያህል ነበር። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲመራ ከተወሰነ በኋላ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፎ እንደ ነበር ባንክ ቤት ተቀምጬ አይቻለሁ። የመለዋወጫ ዋጋም አብሮ ወጣ። በዚያው ዓመት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ስለ ተከለከለ፣ ያሉት ሞተሮች ዕድሜያቸው እንዲረዝም ግድ ሆኗል። መንገድ ክፍት ሆኖ በማይገኝባቸው ሳምንታት ደግሞ መኪናውን ይዞ ወደ ትልቅ ከተማ መሄድ የሚታሰብ አልነበረም። ጋሼ አንዲት ላም ሊሸጡ አሰቡ። እኔም «አንድ ቅዳሜ ስጡኝ» አልኋቸው።

ያን ቅዳሜ ከሰዓት ኮፋኖውን ከፍቼ ቆምሁ። ስለ ቃላት ደንታ ላለው ሰው ኮፋኖ መክፈት መዝገበ ቃላት እንደ መክፈት ነው። ጓርኒሲዮን፣ ቴስታታ፣ ኩሽኔታ፣ ቡሎን፣ ዳዶ፣ ራንዴላ፣ ካቻቢቴ፦ ሁሉም ከጣልያን አፍ ወጥተው በእኛ መካኒኮች አፍ ዜግነት ያገኙ ቃላት ናቸው። በጉባኤ አልተሰየሙም፤ በዘይት ጨቅይተው፣ በእጅ ተዳስሰው አማርኛ ሆኑ። ከመዛግብት ይልቅ በጋራዥ የሚኖር አማርኛም እንዳለ ያን ቀን ገባኝ።

መጀመሪያ ያደረግሁት የቀዘቀዘውን ሞተር በነጭ ጋዝና በብሩሽ ማጠብ፣ ከዚያም ማድረቅ ነበር። የቆሸሸ ሞተር ላይ ፍሰት መፈለግ በተደለዘ ደረሰኝ ላይ ቁጥር እንደ መፈለግ ነው። ቀጥሎ ሞተሩን አስነሥቼ በባትሪ ብርሃን አየሁ። እዚህ ላይ አንድ ሕግ አለ፤ ዘይት ቁልቁል ይፈስሳል፤ በጉዞም ጊዜ ነፋስ ወደ ኋላ ይነዳዋል። ስለዚህ የሚንጠባጠብበት ቦታ የሚፈስበት ቦታ አይደለም። ማየት የሚገባው ከሁሉ በላይ ያለውን እርጥብ ቦታ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ የታችኛውን ቡሎን ሳጠብቅ የኖርሁት ይህን ባለማወቅ ነው።

ከሁሉ በላይ ያለው እርጥብ ቦታ ከቱርቦው አየር የሚያወጣው የጎማ ቱቦ መጋጠሚያ ሆኖ ተገኘ። ቱቦውን ስፈታው ከውስጡ ዘይት ተዘረገፈ። አየር ብቻ ሊያልፍበት በሚገባው ቱቦ ውስጥ፣ ጥቂት የዘይት ላቦት ቢገኝ እንኳ፣ እንዲህ ሊጠራቀም አይገባም። መካኒኩ ያለው እውነት መሰለኝ። ነገር ግን ከመፍረድ በፊት ዘንጉን በሁለት ጣቴ ያዝሁት። ወደ ጎን ትንሽ ይወዛወዛል፤ የሚንሳፈፈው በዘይት ላይ ነውና፣ ሞተሩ ቆሞ ሳለ ይህ ያለ ነው። ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሳንቀሳቅሰው ግን ንቅንቅ አላለም። መዘውሩም ግድግዳውን አልነካም፤ ምላጮቹም አልተፋፋቁም። ቱርቦው አልሞተም ነበር። የሞተሩን የትንፋሽ ቱቦም አየሁ፤ ንጹሕ ነው። የቀረኝ የዘይቱ መመለሻ ቱቦ ብቻ ነበር።

ሁለቱን ቡሎኖች ፈትቼ ቱቦውን ሳወርደው፣ በአፉ ላይ እንደ ትል የተጠቀለለ ጥቁር ሲሊኮን ተጋድሞ አየሁ። ሰፊው መንገድ ጠቦ ጠቦ የብዕር ቀዳዳ አክሏል።

ሲሊኮኑን አወቅሁት። የእኔ ነበር። ሁለት ዓመት አስቀድሞ ያ መጋጠሚያ ሲያልበው፣ ጋሼ «ጓርኒሲዮኑን ቀይርልኝ» ብለውኝ ነበር። ጓርኒሲዮኑ ጥሊሊ አልተገኘም፤ ከባሕር ዳር እስኪመጣ ሳምንት መጠበቅ ነበረብን። እኔ ግን መጠበቅ ሰለቸኝ፤ በጓርኒሲዮን ፈንታ ሲሊኮን ለቅልቄ አጠበቅሁትና «ተቀይሯል» አልኋቸው። ከውጭ ሲታይ ያማረ ሥራ ነበር። ቡሎኖቹ ሲጠብቁ ትርፉ ሲሊኮን ወደ ውስጥ ተጨምቆ ገብቶ፣ እዚያ ደርቆ፣ በላዩም ጥላሸት እየተጋገረበት፣ ቀስ በቀስ የዘይቱን መውጫ ዘጋው። በባንኩ መስኮት ኋላ ተቀምጬ «ጉድለትን ከኪስ መሙላት ነውር ነው» የምለው ሰው፣ በወንድሜ እንጀራ ላይ ጉድለት ሸፍኜ ኖሬአለሁ።

ያን ጊዜ ግቢው ውስጥ ብቻዬን ነበርሁ። ሲሊኮኑን ጥዬ ቱቦውን አጥቤ «ቆሻሻ ዘግቶት ነው» ብል ማንም አይጠረጥረኝም። እውነቱን ልናገርና፣ ይህ አሳብ መጥቶብኝ ነበር። ይሁንና ይህ ደግሞ ሌላ ሲሊኮን መለቅለቅ ነው። ማታ ጋሼ ሲመጡ ትሉን መዳፋቸው ላይ አስቀምጬ ነገሩን እንደ ነበረ ነገርኋቸው። ለረጅም ጊዜ አገላብጠው አዩት። ከዚያም፣ «ያን ጊዜ ሳምንት ጠብቅ ብትለኝ እጠብቅ ነበር» አሉ። ሌላ ምንም አልጨመሩም። ከዚያ ወዲህ ብዙ ግጥም ጽፌ ቀድጃለሁ፤ ያችን አንዲት ዓረፍተ ነገር የሚያህል ግን አላገኘሁም።

የቀረው ሥራ የትዕግሥት ነበር። መመለሻውን ቱቦ አጥበን፣ ጓርኒሲዮኑን በሐቅ ጠብቀን፣ የዘይት መግቢያውን የመዳብ ራንዴላዎች በአዲስ ቀየርን። መግቢያው ላይ ሲሊኮን ፈጽሞ አይነካም፤ ቅንጣቱ ቀጭኑን ቱቦ ዘግቶ ዘንጉን ያለ ዘይት ሊያስቀረው ይችላልና። በአየር ቱቦዎቹና በአየር ማቀዝቀዣው ውስጥ የተጠራቀመውን ዘይት አጥበን አወጣን። ሞተሩ ከመነሣቱ በፊት በቱርቦው መግቢያ ንጹሕ ዘይት ጠብ አደረግን፤ የናፍጣውን መርጫ ሶኬት ነቅለንም የዘይት መብራቱ እስኪጠፋ አዞርነው። ሲነሣም ለጥቂት ደቂቃ ያለ ነዳጅ መርገጥ ተውነው። በጭስ ማውጫው የቀረው ዘይት ተቃጥሎ እስኪያልቅ ሁለት ቀን አጨሰ፤ በሦስተኛው ቀን ጠራ። ላሚቱም አልተሸጠች።

ከዚህ በኋላ ሰኞ ዕለት አንድ ደንበኛ ብር ስቆጥር ጥፍሮቼን አይቶ፣ «ወንድሜ፣ ባንክ ነው የምትሠራው ወይስ ጋራዥ?» አለኝ። ቀልዱ ነው፤ ከኋላው ግን ያረጀ ነገር አለ። የተማረ ሰው እጅ መቆሸሽ የለበትም የሚል አሳብ። ቀጥቃጩን፣ ሸክላ ሠሪውን፣ ሸማኔውን በሥራው ስም ስንሰድብ የኖርን ሕዝብ ነን። ዳግማዊ ምኒልክ ባለ እጅን በሥራው መስደብ እንዲቀር ያሳወጁት በ1900 ዓ.ም. ነው። የመጀመሪያው አውቶሞቢል አዲስ አበባ የገባውም በዚያው በ1900 ዓ.ም. ነው፤ ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ነድቶት መጥቶ። መኪናውና አዋጁ በአንድ ዓመት መጡልን። መኪናውን በደስታ ተቀበልነው፤ አዋጁን ግን ገና አልተቀበልነውም ብል አልተሳሳትሁም።

ደግሞስ ይህ ንቀት ከአገሬ ባህል ጋር አይሄድም። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. ተመሥርቶ ዛሬም በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በዓሉን ያከብራል። ፈረሰኛ ለክብሩ ብሎ ፈረሱን ለሌላ አይተውም። ኮቴውን ራሱ አንሥቶ ያያል፤ ትንፋሹን ያዳምጣል፤ የኮርቻው መቀመጫ ጀርባውን እንዳይልጠው በእጁ ይዳስሳል። ይህን ማድረጉ ክብሩ ነው እንጂ ውርደቱ አይደለም። የፈረስን ትንፋሽ የሚያውቅ ሰው ልጅ፣ የተሸከመውን ሞተር ትንፋሽ ማወቅ እንዴት ያሳፍረዋል?

«መካኒክ እያለ ምን አደከመህ?» የሚሉኝ አሉ። አሳባቸውን አልንቅም። እኔ መካኒክ አይደለሁም፤ ልሁንም አልልም። ነገር ግን የሕመሙን መነሻ የሚያውቅ በሽተኛ ሐኪሙን ያግዛል። ስንት ሊትር በስንት ኪሎ ሜትር እንደ ጠፋ በደብተር የጻፈ፣ ከሁሉ በላይ ያለውን እርጥብ ቦታ አይቶ የመጣ ሰው «ቱርቦው አልቋል» ሲባል «ዘንጉ ግን ወደ ፊትና ወደ ኋላ አይንቀሳቀስም» ብሎ መጠየቅ ይችላል። ጥሩ መካኒክም እንዲህ ያለውን ደንበኛ ይወዳል።

በግቢ የማይደፈር ነገርም አለ። በክሪክ ብቻ ከተነሣ መኪና ሥር መግባት ሞትን መጋበዝ ነው፤ ጠንካራ ድጋፍ ሳይቆም አይገባም። ሁለተኛው፣ ናፍጣ ሞተር ብልጭታ አይፈልግም፤ የሚነድ ነገርና አየር ካገኘ ይሠራል። በአየር ቱቦው ብዙ ዘይት ከተጠራቀመ የራሱን ዘይት እየጠጣ፣ ቁልፉ ተነቅሎም አልቆምም ሊል ይችላል። ያን ጊዜ ባለ እጅ ማርሽ ከሆነ ፍሬኑን አጥብቆ ረግጦ፣ ከፍተኛ ማርሽ አስገብቶ፣ ፍሪሲዮኑን መልቀቅ ያንቀዋል፤ እጅን ወደ አየር መግቢያው መስደድ ግን ጣት ያሳጣል። ስለዚህ ቱቦው ዘይት ካዘለ ሳይታጠብ ሞተሩን ማስነሣት አይገባም። «ሳይቃጠል በቅጠል» የተባለው ለዚህ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ከሞተሩ ያወጣነው አሮጌ ዘይት በጄሪካን ታሽጎ ተቀምጧል፤ ጋሼ የአጥር እንጨት ምስጥ እንዳይበላው ይቀቡበታል። በየመንገዱ ዳር ወደ ቦይ ሲደፋ ግን አያለሁ። የምንኖረው ከምንጮች መካከል ነው፤ ዘንገና ሐይቅ ጎረቤታችን ነው፤ ግሽ ዓባይም ሩቅ አይደለም። ከሞተር ያፈሰሰውን ፈልገን አግኝተን ወደ ምንጭ ብናፈሰው፣ ጉድለቱን ከኪስ አውጥተን በጎረቤት ኪስ ከተትነው ማለት ነው።

ካርቶኑን ዛሬም አነጥፋለሁ። ወራት ሙሉ ደረቅ ነበር። ባለፈው ሳምንት ግን አንዲት አዲስ ነጥብ አየሁበት፤ ትንሽ ናት፤ ምናልባት ከዘይት ማውረጃው ቡሎን ትሆናለች። ለጋሼ ነግሬአቸዋለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት ነጭ ጋዙንና ብሩሹን ይዘን አብረን እናያታለን። እስከዚያው ትልዋን ሲሊኮን ከጽሕፈት ጠረጴዛዬ ላይ አላነሣሁም፤ ስለ እርስዋም ይህችን ቋጠርሁ፦

ላዩን እየጠረግሁ፣ ሥሩን ስሸፋፍን፣
የደፈንሁት መስሎኝ፣ ለካ እኔው ስደፈን፤
ምንጩን ልሻ ብዬ፣ ብወጣ በጠብታ፣
ያገኘሁት እጄን፣ ቆሞ ከዚያ ቦታ።

ቸር ይግጠመን።